ጥርስም እንደ ምጣድ ይሟሻል

እንደምን አደራችሁ! የሰፈራችን እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፣ የቅዳሜ ጠዋት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ብርድ ሲነካው ለሚያመው ጥርስ ስለሚሆነው የጥርስ ሳሙና ነው።

ይህች በእጄ የያዝኳት ብሩሽ የራሴ ናት። ሁለት ወር እንኳ አልሞላትም፤ ፀጉሯ ግን እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተበታትኗል። የጥርስ ሐኪም ሆኜም እጄ ይከብዳል። ከላይ በግራ በኩል ድዴ ሸሽቶ የጥርሴ ሥር ወጥቷል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሕመሙ ጆሮዬ ድረስ ይዘልቃል።

ድድ ሲሸሽ የሚጋለጠው ዴንቲን የሚባለው የጥርስ ውስጠኛ ክፍል ነው። በማይክሮስኮፕ ብታዩት ወንፊት ነው። ፈሳሽ ያለባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ነርቩ ያመራሉ። ብርድ ሲነካው ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፣ ነርቩ ይደነግጣል። በ1960ዎቹ ይህን በሙከራ ያሳየው ስዊድናዊው ማርቲን ብሬንስትሮም ነበር።

እናቶች፣ አዲስ ምጣድ ለምን በጎመን ዘር ይሟሻል? ቀዳዳው እንዲደፈን አይደል? የዚህ ሳሙና ሥራም ያው ነው፤ ጎመን ዘራችን ማዕድን መሆኑ ነው ልዩነቱ። አንዱ ሃይድሮክሲአፓታይት ይባላል፤ ጥርሳችን ራሱ በአብዛኛው የተሠራበት የካልሲየምና የፎስፌት ውሁድ ነው። ሌላው በ1969 ተመራማሪው ላሪ ሄንች አሜሪካ ውስጥ ለአጥንት ብሎ ከሠራው መስታወት የመጣ ነው፤ ምራቅ ሲነካው ካልሲየምና ፎስፌት ይለቅና ቱቦውን ይሸፍናል። የቆርቆሮ ፍሎራይድም ይደፍናል። ፖታሲየም ናይትሬት ግን አይደፍንም፤ ነርቩን ነው የሚያረጋጋው።

በስምጥ ሸለቆ ያደጋችሁ «ጥርሳችንን ያበላሸው ፍሎራይድ አይደል ወይ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እሱ በልጅነት ከጉድጓድ ውሃ ጋር ለዓመታት የተዋጠው ነው። የጥርስ ሳሙና ተፍተን የምንጥለው ነው።

ታዲያ ሳሙናውን ሦስት ቀን ሞክራችሁ «አልሠራም» አትበሉኝ! ጠዋትና ማታ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ፍቃችሁ ስትጨርሱ ትፉት፤ በውሃ ደጋግማችሁ አትጉመጥመጡ፣ ማዕድኑን ታጥቡታላችሁ። ሎሚ ወይም ለስላሳ ከጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። «ያነጣል» የሚለውን ሻካራ ሳሙና ለጊዜው ተዉት።

ሳይነካ ሌሊት የሚጠዘጥዝ ወይም ትኩስ ከነካው በኋላ አልለቅ የሚል ጥርስ ግን የሳሙና ጉዳይ አይደለም፤ ቶሎ ታዩ።

በሉ፣ ይዛችሁ ኑ ያልናችሁን ብሩሽ አውጡ። ከፊት ረድፍ እንጀምር፤ እማማ፣ እስኪ አያያዝዎን ልየው።