ከጥቁሩ ጭምብል ውስጥ የሰማሁት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ የቤት ኪራዩን ጉዳይ እንደምጨርስላችሁ ቃል ገብቼ ነበር። ይቆየን። ከጃንዋሪ 11 ወዲህ አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ አልወርድም ብሎኛል።

የዋይት ሐውሱን ሰልፍ ታውቁታላችሁ፤ በየዓመቱ አሰለቻችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የመጀመሪያዎቹ የሽብር ተጠርጣሪዎች ኩባ ያለው የአሜሪካ እስር ቤት፣ ጓንታናሞ፣ የገቡበት ቀን ነው። ብርቱካናማ ቱታ ይለበሳል፣ ጥቁር ጭምብል ይጠለቃል፣ ደረት ላይ የአንድ እስረኛ ስም ይንጠለጠላል። ከዚያ ዝም ብሎ መቆም ነው። ትንፋሽ ጨርቁን ያረጥበውና ከንፈር ላይ ይለጥፈዋል። ዓይን ሥራ ሲፈታ ጆሮ ይነቃል።

አማርኛ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። «እነዚህ ደግሞ በዚህ ብርድ ምን ሆነው ነው?» አለች አንዲት ሴት። «ለአሸባሪ የሚጮኹ ናቸው። ተያቸው» አሉ አንድ ሰው። ድምፁን የትም ብሰማው አልስተውም። የድፎ ዳቦው ጋሼ!

አዎ፣ እሳቸው። የዞን 9 ጦማርያን በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩ ጊዜ፣ በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደጃፍ በቆምንባቸው ቀናት ትኩስ ድፎ በነጠላ ጠቅልለው እየመጡ በእጃቸው ቆርሰው ያጎረሱን ሰው። ድምፃቸው እስኪዘጋ የሚጮኹት ሰው። የእህታቸው ልጅ ማዕከላዊ ነበር። ውስጥ እግሩን ተገርፎ ጫማ እምቢ ብሎት፣ በነጠላ ጫማ ዳኛ ፊት እንደቀረበ የነገሩን እሳቸው ናቸው። ፖሊስ «ምርመራ አልጨረስኩም» ባለ ቁጥር በፀረ ሽብር አዋጁ፣ በ652፣ ሌላ 28 ቀን ይጨመርበት ነበር። ልጁ በቴሌቪዥን ምን ተብሎ እንደቀረበም ያውቃሉ።

እና እኮ አልጮኽንም። «የሚጮኹ» አሉን እንጂ አንዲት ቃል አልወጣንም። ይህ ለምን እንደሚያናድደኝ አላውቅም፤ ከሁሉም ይልቅ ግን ይህ ያናድደኛል።

ደረቴ ላይ የነበረው የአንድ የመናዊ ስም ነው። ጋሼ አንብበውት ይሁን አይሁን አላየሁም። ጫማቸው ወደ እኔ ሲቀርብ ሰምቻለሁ፤ ጥቂት ቆሞ ሄደ። ያቺን ቆም ያሉባትን ጊዜ በአእምሮዬ ደጋግሜ እያዞርኩ ነው። ስሙን እያነበቡ ነበር? ወይስ እመቤቲቱ ፎቶ እያነሳች? ጭምብሉን አውልቄ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ» ብል ኖሮስ? እንደማውቃቸው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «በልተሃል ወይ?» ብለው ነው። ይህን ሳስብ ንዴቴ ይሟሟል። ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

ቢንያም መሐመድን እናስታውስ። ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በልጅነቱ እንግሊዝ ገብቶ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ካራቺ ላይ ተያዘ። ከዚያ አሜሪካኖቹ ወደ ሞሮኮ ወሰዱት፤ እዚያ ያሉ መርማሪዎች ብልቱን ሳይቀር በስለት ይተለትሉት እንደነበር ተናግሯል። ቀጥሎ ካቡል አቅራቢያ የነበረው፣ «ጨለማው እስር ቤት» የተባለው የሲ.አይ.ኤ. ቦታ፣ ከዚያ ጓንታናሞ። የጨረር ቦምብ ሊያፈነዳ አሲሯል ሲባል ኖሮ ክሱ በ2008 ተሰረዘ፤ በ2009 ለንደን ገባ። በዓመቱ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መንግሥት ተደብቀው እንዲቀሩ የሞገተላቸውን ሰባት የፍርድ አንቀጾች ይፋ አስደረጋቸው። እንቅልፍ መነፈጉ፣ በሰንሰለት መታሰሩ፣ ደብዛዬ ይጠፋል በሚለው ፍርሃቱ ላይ የአሜሪካ መርማሪዎች ሆን ብለው መጫወታቸው ሁሉ እዚያ ላይ አለ። የእንግሊዝ ደኅንነትም ያውቅ ነበር። እነዚያን ሰባት አንቀጾች ያወጡት የማይታክቱ ጠበቆች፣ ጋዜጠኞችና ብርድ ላይ የቆሙ ሰዎች ናቸው። እኔ በነበርኩባቸው ሰልፎች ግን አማርኛ ሰምቼ አላውቅም። ያለፈው ጃንዋሪ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱም ያ ሆነ።

የጋሼን ክርክር ግን አላናንቀውም። ጓንታናሞ ካሉት መካከል ካሊድ ሼክ መሐመድ አለ፤ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሰው ያለቀበትን የመስከረም 11 ጥቃት አቀነባብሯል የተባለው። ሲ.አይ.ኤ. በ2003 ውሃ እያፈሰሰ 183 ጊዜ አፍኖታል። ለእሱም ትቆማለህ ወይ ብትሉኝ... ለእሱ አልቆምም። እንዳይደረግበት ግን እቆማለሁ። ልዩነቱ ጭምብል ውስጥ ሆኜ ግልጽ ይመስለኛል፤ ጋሼ ፊት ሆኜ ግን እንጃ። ሟቾቹ ቤተሰብ አላቸው። ከእነሱም ከእኛ ጋር የሚቆሙ አሉ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ፍርድ ጠብቀዋል። ፍርዱን ካጓተቱት ነገሮች አንዱ ደግሞ ያ ማሰቃየት ራሱ ነው፤ በማሰቃየት የተገኘ ቃል ማስረጃ ይሁን አይሁን እያሉ ዓመታት ተቆጠሩ።

በዚያው ግቢ ያለ ክስ የተቀመጡም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ከቀሩት 15 ሰዎች ስድስቱ ክስ አልነበረባቸውም። 780 ገደማ ሰው በገባበት ቤት ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለጋሼ እንዴት ነው የምነግራቸው? በስልክ? ለፋሲካ እቤታቸው ሄጄ?

ባለቤቴ «ደረትህ ላይ የቢንያም ስም ቢሆን ኖሮ አጠገብህ ይቆሙ ነበር» ትላለች። እኔም ሳስበው ይቆሙ ነበር። የእኛ ልጅ ነው ብለው፣ ዳቦም ይዘው። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን አልጣመኝም፤ ምክንያቱም ያ የመናዊም የሆነ ሰው እህት ልጅ ነው፣ እና ጋሼ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቁት ሰው ከሆኑ... አይ፣ እንዲህ ብዬ ብነግራቸው ልጁን በእሳቸው ላይ የተጠቀምኩበት ይመስላል። ልጁ እስከ ዛሬ እግሩን ያመዋል። እሱን እንደ ማስረጃ ማንሳት ደግሞ...

እንጃ። ጋሼ ይህን ፕሮግራም እንደሚሰሙ አውቃለሁ፤ እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ። ቆርጬ ላውጣው ብዬ ነበር፤ ግን...