ምርቃናው ጠፍቶ ሃራራው ለምን ይቀራል?

[ምስል፦ ባሕር ዳር፣ ከምሳ በኋላ፣ የጫት መሸጫ]

ጫት ለምን በእርጥቡ እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ? ውስጡ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ከዘጌም ይምጣ ከሌላ ቦታ፣ ነጋዴው የሚጣደፈው ለዚህ ነው።

ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ዘመድ ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባል መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገር በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል። ዶፓሚንን ብዙዎች የደስታ ቅመም አድርገው ያወሩለታል። ዋና ሥራው ግን ማስተማር ነው፦ «ይህን ያዝ፣ ነገም ድገመው» ይላል። የራበው ሰው እንጀራ ሲያገኝም ይለቀቃል። ጫትና አልኮል ግን ከልኩ ያሳልፉታል።

[ምስል፦ ማንሻ የምትጫን አይጥ፣ በካርቱን]

በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ኦልድስና ሚልነር የተባሉ ተመራማሪዎች ሞንትሪያል ውስጥ አይጦች አንጎል ላይ ቀጭን ሽቦ ተከሉ። አይጧ ማንሻውን ስትጫን ትንሽ ኤሌክትሪክ አንጎሏን ይነካዋል። አንዳንዶቹ «ድገመው» እንደተባሉ ሁሉ በሰዓት በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተጫኑት።

አንጎልም ዝም ብሎ አያይም። ሲበዛበት የዶፓሚን መቀበያዎቹን ይቀንሳል። በሁለት መለኪያ አረቄ ይሞቀው የነበረ ሰው አራት ይጠይቃል። ሳይጠጣ ሲውል ደግሞ ጨዋታው፣ ምግቡ፣ ልጁ ሳይቀር ይፈዝበታል።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ደስታው እየሳሳ ሲሄድ ሃራራው ይበረታል። መውደድና መፈለግ አንጎል ውስጥ መንገዳቸው ለየቅል ነው። «ካላስደሰተህ ለምን አትተወውም?» የሚለው የእናት ጥያቄ መልስ የሚያጣው በዚህ ነው። አንጎል ሰዓቱንና ቦታውንም ይይዛል። 6 ወር የተወ ልጅ የለመደውን ፍራሽና የቡናውን ጭስ ሲያይ ሃራራው ይነሳበታል። ወኔ ስለሌለው አይደለም።

ጨብሲ ነገሩን ያባብሰዋል። ጫቱ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ ይጠራል፣ አንዱ ሱስ ሁለት ይሆናል።

[ምስል፦ የአረቄ መለኪያ፣ ባዶ]

ሲያቆሙ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጫት ሲቆም ድካም፣ ድብርትና ዱካክ ይመጣል። ያስጨንቃል፣ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። አረቄ ሌላ ነው። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎልም ለማካካስ ራሱን ያነቃቃል። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት ሲያቆም ያ መነቃቃት ልጓም ያጣል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ የሌለ ነገር ይታያል። ሰውነት ሊንዘፈዘፍ፣ ሰውም ሊሞት ይችላል። አደጋው በይበልጥ የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

ስለዚህ ወንድማችሁን ጠበል ልትወስዱት ካሰባችሁ ውሰዱት፣ ማንም አይከለክላችሁም። ግን ከዚያ በፊት ሐኪም ይየው፤ መጠጡን ቀስ አድርጎ የሚያስለቅቅ መድኃኒት አለ። ሲንቀጠቀጥ ካያችሁትም «እየለቀቀው ነው» ብላችሁ አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ።