«ለእግዜር ነው የሰጠሁት» ብለን አንተወው

የተከበራችሁ አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። የሂሳቡን ነገር ገንዘብ ያዣችን ያቀርቡታል። እኔ ጎፈንድሚ ስለሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ መሰብሰቢያ ትንሽ ልበል።

እዚህ አሜሪካ ለምንኖር ሰዎች የሀዘኑም የሕክምናውም መዋጮ ስልካችን ውስጥ ገብቷል። የበሽተኛ ፎቶ ይመጣል፣ «ሼር አድርጉ» ይላል፣ እንልካለን። ጎፈንድሚ ብሩን በቀጥታ ኢትዮጵያ ባንክ አያስገባም። ስለዚህ ገጹን የሚከፍተውም ገንዘቡን የሚያወጣውም እዚህ ያለ ሰው ነው። አብዛኛው ታማኝ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ሌባ ሲገባ ግን በዚችው ቀዳዳ ነው የሚገባው። በሽተኛው ስንት እንደተሰበሰበለት እንኳ ላያውቅ ይችላል።

ስንታለል «ለእግዜር ነው የሰጠሁት» ብለን እንተወዋለን። እግዜር መች ተቀበለው? ሰውየው ነው የተቀበለው!

እ.ኤ.አ. በ2017 ፊላዴልፊያ ላይ አንድ ጎዳና ተዳዳሪ ቤንዚን ላለቀባት ሴት የመጨረሻ 20 ዶላሩን ሰጠ ተባለ። ሴትየዋና ጓደኛዋ ለእሱ ብለው ጎፈንድሚ ላይ ከ400,000 ዶላር በላይ ሰበሰቡ። ታሪኩ ፈጠራ ነበር። ጉዱ የወጣው ራሱ ሰውየው «ድርሻዬን ከለከሉኝ» ብሎ ፍርድ ቤት ሲሄድ ነው። ሴትየዋ፣ ጓደኛዋና እሱ ሦስቱም ተከሰሱ። ጎፈንድሚ ለለጋሾቹ በሙሉ መለሰ።

ሁሌ እንዲህ አይቀናም። የቦርድ ጌም እሠራለሁ ብሎ ኪክስታርተር በሚባል ሌላ የኢንተርኔት መዋጮ መሰብሰቢያ ከ122,000 ዶላር በላይ የሰበሰበን ሰው የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ111,000 ዶላር በላይ አስፈረደበት። ሰውየው መክፈል ስለማይችል ክፍያው ታገደ። ፍርድ አለ፣ ብር የለም።

ስለዚህ ቶሎ መጠየቅ ነው። ጎፈንድሚ ላይ የሰጠ ሰው ከተታለለ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ገጹ ሳይጠፋ ስክሪንሹት አንሱ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ። ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ማዕከልና ለስቴታችሁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አመልክቱ። በዜል ከባንክ ባንክ በቀጥታ የላካችሁትን ግን ጎፈንድሚ አያውቀውም፤ የገንዘብ መመለሻ ዋስትናው አይሸፍነውም። አታላዩ ሀገር ቤት ከሆነም አታላይነትን የሚቀጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 አለ። ይሉኝታ ይዞን ዝም ካልን ግን ማንም ሕግ ቤታችን ድረስ አይመጣም።

አጀንዳ 3 ላይ የደንብ ማሻሻያ አለ። በማኅበራችን ስም ከሚሰበሰብ ገንዘብ ምንም ሳይወጣ በፊት ሁለት ሰው ይፈርማል፣ የሆስፒታሉም ደረሰኝ ገጹ ላይ ይለጠፋል። ወረቀቱ እየታደለ ነው፣ ሻዩን እየጠጣችሁ አንብቡት። ጉባኤው ተከፍቷል።