ሞተርሆም ጀርባ የሚጫን የሁለት ሰው ስኩተር እንዴት ይመረጣል?

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ ስኩተር ነው የምናወራው። ግን ትንሽ ታገሡኝ፤ መጀመሪያ የማወራው ስለ ሞተርሆሙ ጀርባ ነው። ስኩተሩ ይመጣል፣ አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ የሚታደርበት የቤት መኪና፣ ይዞ የሚጓዝ ሰው ማደሪያው ይደርሳል። ቤቱን ደልደል አድርጎ ያቆማል፣ መብራቱን ይሰካል፣ ወንበሩን ያወጣል። ልክ ቁጭ ሲል ዳቦ አልቋል። ለዳቦ ብሎ ሰባት ሜትር ቤት ነቅሎ መሄድ ደግሞ አይታሰብም። ስለዚህ ስኩተር። ሁለት ሰዎች ናቸውና ሁለት ሰው የሚችል ስኩተር። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እንስማማለን። ጥፋቱ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው፦ ሰው ሱቅ ይገባል፣ ወንበሩ ላይ ይወጣል፣ ቀለሙን ይወዳል፣ ይከፍላል። ከዚያ «ታዲያ የት ልጫነው?» ይላል።

የት እንደሚጫን ሳታውቁ ስኩተር አትምረጡ። በቃ፣ የዛሬው ነገር ይኸው ነው። ለምን እንደሆነ ደግሞ አህያዋ ትንገራችሁ።

[ስዕል፦ የተጫነች አህያ ከጎን]

አዎ፣ አህያ። ይህን ምሳሌ በጣም ስለምወደው ትንሽ እቆይበታለሁ፤ የቸኮለ ሰው ወደ ፊት ያሳልፈው። አህያ ሲጫን አይታችኋል። ጭነቱ መሃል ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ አራቱ እግሮቿ ይካፈሉታል፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አሁን ያንኑ ጭነት ወደ ኋላ ግፉት፣ ወገቧ ላይ። ይከብዳታል፣ ግን ትሄዳለች። አሁን ደግሞ ከጭራዋ ወደ ኋላ የወጣ ረጅም እንጨት እሰሩና ጭነቱን እዚያ ጫፍ ላይ ስቀሉት። ያው ጭነት ነው። አንድ ኪሎ አልጨመራችሁም። ግን የኋላ እግሯ ተብረከረከ፣ የፊት እግሯ ደግሞ መሬት ሊለቅ ደረሰ።

ልብ በሉልኝ። የኋላ እግሮቿ አሁን የተሸከሙት ጭነቱን ብቻ አይደለም። ከፊት እግሯ ላይ የተነሳውንም የራሷን ገላ ጨምረው ነው የተሸከሙት። ስለዚህ 160 ኪሎ ከኋላ ብትሰቅሉ የኋላ አክስሉ፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹ የተያያዙበት ብረት፣ የሚሸከመው 160 አይደለም። ከ160 በላይ ነው። ይቺን ብቻ ይዛችሁ ብትወጡም አልቀየማችሁም።

አህያ ደግሞ ከሞተርሆም ትሻላለች። ሲበዛባት ትተኛለች፣ «አልሄድም» ትላለች። ሞተርሆም ግን ዝም ብሎ ይሄዳል። መክበዱን የሚነግራችሁ ዝናብ ላይ፣ መታጠፊያ ላይ፣ መሪው ሲቀልላችሁ ነው።

እሺ፣ ስሌቱ። ቶሎ እናልፈዋለን፣ መቼም ማባዛትና ማካፈል ነው። ሁለት ርቀት ለኩ። አንደኛው ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል፣ ሁለተኛው ከኋላ አክስል እስከ ስኩተሩ መሃል። የስኩተሩንና የራኩን፣ ማለትም ከሞተርሆሙ ኋላ ታስሮ ስኩተሩን የሚሸከመውን ብረት፣ ክብደት ደምሩ፣ በሁለተኛው ርቀት አባዙ፣ ለአንደኛው አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር ከፊት አክስል ላይ የሚነሳው ክብደት ነው። እሱን መልሳችሁ ከስኩተርና ከራክ ጋር ደምሩት፤ የኋላ አክስሉ ላይ የሚጨመረው ያ ነው።

ምሳሌ። በአክስሎቹ መካከል 4 ሜትር፣ ከኋላ አክስል እስከ ስኩተሩ መሃል 2.5 ሜትር። ስኩተር 130 ኪሎ፣ ራክ 30፣ ድምር 160። ሲባዛ በ2.5 ሲካፈል ለ4፣ 100። ከፊት 100 ኪሎ ተነሳ፣ ከኋላ 260 ተጨመረ። በቃ፣ ስሌቱ አለቀ።

አሁን ይህን ቁጥር ከምን ጋር ታስተያያላችሁ? መኪናው ላይ ከተለጠፈችው ብረት ጋር። በአብዛኛው አራት ቁጥር አለባት፦ የመኪናው ጠቅላላ ክብደት፣ ከነተጎታቹ፣ የፊት አክስል፣ የኋላ አክስል። በአውሮፓ በተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ የሚነዱት ብዙዎቹ ሞተርሆሞች ጠቅላላው 3,500 ኪሎ ላይ የተገደበ ነው። ሰው ይህችን የመጀመሪያዋን ቁጥር ብቻ አይቶ ይረካል። ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትሞላው ግን የመጨረሻዋ ናት፣ የኋላ አክስል። ስለዚህ መኪናውን እንደምትጓዙበት ጫኑት፤ ሁለታችሁም ውስጥ ሁኑ፣ ነዳጅ ይሙላ፣ ውሃ ይሙላ፣ ጋዙም ይኑር። ከዚያ የመኪና ሚዛን ላይ ውጡና ፊቱንና ኋላውን ለየብቻ አስመዝኑ። የቀረውን ቦታ ታውቁታላችሁ። ስኩተር የሚመረጠው በዚያ ቦታ ልክ ነው።

እዚህ ላይ ነው አስተያየት መስጫው የሚነደው። ስለ ሞተርሆም ጭነት በሠራን ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም፦ «እኔ የኋላ ሞላውን በአየር ከረጢት አጠናክሬዋለሁ፣ ስለዚህ ክብደቱ አያሳስበኝም።» ሌላው ይቀበላል፦ «እኔም።» ሦስተኛው ደግሞ «ራኩ ላይ 150 ኪሎ ይችላል ተብሎ ተጽፏል፣ ምን ትላላችሁ?» ይላል።

እሺ፣ ቁጭ ብለን እንየው። የአየር ከረጢት፣ ማለትም ሞላውን እንዲያግዝ በአየር የሚነፋው የጎማ ከረጢት፣ ጥሩ ዕቃ ነው። እቃወመዋለሁ እንዳትሉኝ። የወረደውን ጀርባ ቀና ያደርጋል፣ መወዛወዙን ይቀንሳል፣ የፊት መብራቱ ሰማይ እንዳያይ ያደርጋል። ግን አህያዋን አስታውሱ። የኋላ እግሯ ላይ ጫማ ብታደርጉላት ቀና ትላለች፤ እንጨቱና ጭነቱ ግን የትም አልሄዱም። የአየር ከረጢት ከኋላ አክስል ላይ አንድ ኪሎ አያነሳም፣ ፊት ላይም አንድ ኪሎ አይመልስም። ያ የተነሳው 100 ኪሎ እንደተነሳ ነው። ጎማው፣ ቸርኬው፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑ፣ ሁሉም ያንኑ ጭነት እንደተሸከሙ ነው። እንዲያውም የሚያስፈራኝ ይኸው ነው፤ መኪናው ቀና ስላለ ሰውየው ጭነቱ የቀለለ ይመስለዋል። የተፈቀደው የአክስል ክብደት የሚለወጠው በሕግ መንገድ ተመርምሮ የብረቷ ቁጥር ሲቀየር ብቻ ነው።

«150 ኪሎ ይችላል» ስለሚለው ደግሞ፦ ራኩ የሚነግራችሁ ራኩ እንደማይሰበር ነው። ስለ ሻንሲው፣ ማለትም መኪናው ስለቆመበት የብረት አጥንት፣ ማራዘሚያ አልተናገረም፣ ስለ አክስሉ አልተናገረም። ራኩ ምን ላይ ነው የታሰረው? መታሰር ያለበት ሻንሲው ላይ ነው፣ ወይም ለዚሁ ተብሎ ከሻንሲው ጋር በብሎን በተያያዘ ማራዘሚያ ላይ። የኋላ ግድግዳውማ ስስ ሽፋንና መሃሉ አረፋ ነው፤ ብስክሌት ይችል ይሆናል፣ ስኩተር አይችልም። ራኩ አንድ ቁጥር ቢል፣ ማራዘሚያው ሌላ ቢል፣ አክስሉ ሦስተኛ ቢል፣ የምትታዘዙት ለትንሹ ነው። ትንሹ ያሸንፋል። ደግሜ ልበለው? ትንሹ ያሸንፋል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። እንደ ፊያት ዱካቶ የፊት ጎማው የሚነዳው መኪና ካላችሁ፣ ከፊት የተነሳው 100 ኪሎ መሪውን ብቻ አይደለም የሚያቀለው። እርጥብ ሣር ላይ ቆማችሁ ጠዋት ለመውጣት ስትሞክሩ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል።

ይህን ቪዲዮ እስከዚህ ያያችሁ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ካላችሁ፣ አክስላችሁ ይፍረድባችሁ። እሺ፣ ስኩተር።

የሞተሩ መጠን 50 ሲሲ፣ 110፣ 125፣ ወይስ 300 እና ከዚያ በላይ? 50ው ቀላል ነው፣ ያጓጓል። ግን ሁለት ሰው ጫኑበትና 10 በመቶ ዳገት አውጡት። በግምት ስሌት በሰዓት 25 ኪሎሜትር አካባቢ ላይ ይዘፈቃል። ከኋላ የሚመጣው መኪና ጥሩምባ ይነፋል፣ የኋላ ተሳፋሪ ይሸማቀቃል። በአውሮፓ ደግሞ ሜዳ ላይም ቢሆን ፍጥነቱ በሕግ 45 ላይ የተገደበ ነው። ለአንድ ሰው ይሁን፤ ለሁለት ሰው አልመክርም።

ከ300 ወደ ላይ ያለው ተቃራኒው ነው። እንደ ሆንዳ ፎርዛ 350 ያለው 185 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጠንከር ያለ 45 ኪሎ ራክ ጨምሩበትና በዚያው ስሌት የኋላ አክስል ላይ 374 ኪሎ ይወጣል። ለትልቅ ሞተርሆምና ለተጎታች እንጂ ለ3,500ው ቤት አይሆንም። ሁለት ሰው ረጅም መንገድ ላይ ሲያምርበት ግን፣ አይካድም፣ ያምርበታል።

ስለዚህ ወደ መሃሉ። ሆንዳ ቪዥን 110 ወደ 100 ኪሎ ነው፣ ሆንዳ ፒሲኤክስ 125 እና ያማሃ ኤንማክስ 125 ወደ 130። ሠላሳ ኪሎ ትንሽ ይመስላል፤ በእኛ ምሳሌ ግን የኋላ አክስል ላይ 49 ኪሎ ልዩነት ነው። በሌላ በኩል ያው 10 በመቶ ዳገት ላይ፣ ሁለት ሰው ተጭኖ፣ 110ሩ በሰዓት ወደ 47 ኪሎሜትር ሲሄድ 125ቱ ወደ 58 ይሄዳል። የኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ተራራ የሚበዛበት ጉዞ ከሆነና አክስሉ ከቻለ 125፤ አክስሉ ከጠበበ ያለ ጸጸት 110።

ሁለት ሰው ስንል ደግሞ የስኩተሩም የመጫን አቅም አለ። በዚህ ክፍል ያሉት ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 180 ኪሎ ይችላሉ፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። 85 እና 70 ኪሎ የሆኑ ጥንዶች ሄልሜት፣ ጃኬት፣ የኋላ ሳጥንና የገበያ ዕቃ ሲጨምሩ 170 ደረሱ። ሁለት ስትሆኑ የኋላ ጎማ ንፋስ ከፍ ይላል፣ የኋላ ሞላም አንድ ሁለት ደረጃ ይጠብቃል። ይህ ካልተደረገ መታጠፊያ ላይ ስኩተሩ አስፋልት ይቧጭራል፣ የፊት መብራቱም ዛፍ ላይ ያሉ ወፎችን ይቀሰቅሳል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለታችሁም አብራችሁ ውጡበት። የኋላኛው ሰው ጉልበት የፊተኛውን ይጨቁናል? የራሱ የእግር ማሳረፊያ አለው? የሚይዘው እጀታ አለ? ወንበሩ ወደ ፊት ያንሸራትታል? ጎማ ደግሞ ትልቅ ይሻላል፤ ባለ 14 እና ባለ 16 ኢንች ድንጋይ ንጣፍ ላይና ጉድጓድ ላይ ከባለ 10 እና ባለ 12 ይልቅ የኋላውን ሰው ወገብ ያተርፋሉ።

ኤሌክትሪክስ? ጥያቄው ይመጣል፣ ላሳጥረው። የ1.5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ስኩተር ከሞተርሆሙ ባትሪ ልሙላ ካላችሁ፣ አንድ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጣችሁ 600 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ግማሹም አይሞላም። ሁልጊዜ መብራት ያለበት ቦታ የምታድሩ ከሆነ ግን ጥሩ ነው፣ ዝምታው ብቻውን ያስገዛል።

መንጃ ፈቃድ። በአንዳንድ አገር የመኪና ፈቃድ 125 ያስነዳል፤ ለምሳሌ በስፔንና በጣሊያን። ግን ያ መብት ድንበር አይሻገርም፤ እዚያው አገር ውስጥ ብቻ ነው። ሞተርሆም ደግሞ ሥራው ድንበር መሻገር ነው። ሳትወጡ አጣሩ።

አሁን መጫኑ። ሞተርሆሙ ከኋላ ጋራዥ፣ ማለትም በር ያለው ትልቅ የዕቃ ክፍል፣ ካለው እዚያ ውስጥ ይግባ። ስኩተሩ ለአክስሉ ስለሚቀርብ ብቻ ብዙ ታተርፋላችሁ፤ ያው 130 ኪሎ 1.3 ሜትር ላይ ቢያርፍ የኋላ አክስል ላይ የሚጨመረው 172 ነው። የበሩን ቁመት ለኩ፣ ስኩተሩን ከነስፖኪዮውና ከነንፋስ መከላከያው ለኩ፣ የጋራዡን ወለል አቅምም ጠይቁ።

ራክ ከሆነ፣ መወጣጫው ረዘም ያለ ይሁን። ግማሽ ሜትር ከፍታ በ2 ሜትር መወጣጫ ስትገፉ ከ130ው ኪሎ 33 የሚሆነው እጃችሁ ላይ ነው፤ በ1.5 ሜትር ግን 43። ሞተሩን አስነስታችሁ እየገፋችሁ ነዳጅ አትስጡ። ስኩተር የእጅ ፍሪሲዮን የለውም፤ ትንሽ ነዳጅ ሲበዛ ይዘላል፣ ግድግዳው ደግሞ አረፋ ነው ብያችኋለሁ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው፦ ማርሽ ያለው ሞተር ሳይክል ማርሽ ውስጥ ይቆማል፣ ስኩተር ግን ሞተሩ ሲጠፋ ጎማው በነፃ ይሽከረከራል። ስለዚህ ራኩ ላይ የኋላ ፍሬኑን እጀታ በጠባብ ቀበቶ ጨብጣችሁ እሰሩት። ከዚያ አራት ማጥበቂያ ያላቸው ቀበቶዎች፣ ሁለት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ከፈት ብለው። ፕላስቲኩን አትሰሩ፣ ይሰበራል፤ ከመሪው ሥር ያለውን ብረትና የኋላውን እጀታ መሠረት ፈልጉ። የፊት ሞላው ሲሶ ያህል እስኪወርድ አጥብቁ፣ እስከ መጨረሻው ከተጫነ የዘይት ማኅተሙ ያፈስሳል። በመቆሚያውም አታቁሙት፤ መንገድ ላይ ሲዘል መቆሚያው ይታጠፍና ቀበቶው ባንዴ ይላላል። በጎማው ይቁም። የሞተርሆሙ ታርጋ፣ ስቶፕ መብራትና ፍሬቻ ከተሸፈኑ ወደ ራኩ ይተላለፉ። የሸራ ልባስ አታልብሱት፤ ንፋስ ይዞ ቀበቶውን ሲፈታው ይውላል።

ከተነሳችሁ ከ20 ደቂቃ በኋላ ቁሙና ቀበቶዎቹን እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ ቀበቶ ይለጠጣል፣ ሞላውም ይረጋጋል። በሚቀጥለው ቪዲዮ ተጎታች ለሚፈልጉት። እስከዚያው የብረቷን ቁጥር ፎቶ አንሷትና ስልካችሁ ላይ ትቀመጥ።