የ23ቱ ቲኬት ነገር፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን መክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንግዶቻችን፣ አዳራሹን በነፃ የሰጣችሁን አባቶች፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ። ቡናውን ያፈላችሁ እህቶች እግዚአብሔር ይስጥልን። ማይኩን ያስተካከልከው ልጅም ተባረክ። የቀረውን ምስጋና በየግላችሁ አደርሳለሁ፤ ዛሬ ጊዜ የለኝም። የተጠራነው ለ8 ሰዓት ነበር። የጀመርነው 9 ሰዓት ከ10 ነው።

ጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሊዮንታይን ፕራይስ በ1961 ኒውዮርክ ባለው ትልቁ ኦፔራ ቤት፣ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነች ዕለት ሕዝቡ 42 ደቂቃ ያህል አጨበጨበ ይባላል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ እንዳትከራከሩኝ።) እኛ ምልአተ ጉባኤ እስኪሞላ የጠበቅነው ከዚያ ይረዝማል። ያጨበጨበልንም የለም።

የዓመቱን ሥራ ባጭሩ። ሦስት የሙዚቃ ምሽት አዘጋጅተናል። የልጆች መዘምራን ጀምረናል፤ 11 ልጆች ናቸው፣ ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽን በሁለት ድምፅ ሲዘፍኑ ያለቀሰ ሰው አይቻለሁ። ኪቦርድ ገዝተናል። ኪቦርዱን ማን ወስዶ የት እንዳስቀመጠው የሚያውቅ ካለ ከስብሰባው በኋላ ያናግረኝ። ሥራው ይኸው ነው።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ነገር ልግባ።

ባለፈው ጥር 17 ኒውዮርክ ሄደን የጣልያኑን የቨርዲን ኦፔራ፣ በዘፈን የሚተረከውን «አይዳ» እንይ ብለን እዚሁ አዳራሽ ተነጋገርን። የሚሄድ እጁን ያውጣ ስል 52 እጅ ወጣ። ቴሌግራሙ ላይማ አውራ ጣቱ፣ ልቡ፣ ባንዲራው ዘነበ። እኔም አመንኩ። 40 ቲኬት በጅምላ ገዛን፤ አንዱ 80 ዶላር። በጅምላ የተገዛ አይመለስም። አውቶቡስም ተከራየን።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ስምንት ፔርሙዝ ሻይ፣ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ ይዘናል። 17 ሰው መጣ።

ሾፌሩ እስከ 12 ሰዓት ጠበቀን። ደወልን። አንዱ ስልኩን ዘጋብን። አንዷ ልጄን አሞብኛል አለች፤ እግዚአብሔር ይማረው አልን፣ ማታ ግን ሠርግ ቤት እስክስታ ስትመታ ፌስቡክ አሳየን። ሌላው ደግሞ «ጥምቀት አይደለም እንዴ ዛሬ?» አለኝ። ጥምቀት ካለፈ ስድስት ቀኑ ነበር!

23 ቲኬት እጄ ላይ ቀረ። ኦፔራ ቤቱ ያለበት ሊንከን ሴንተር፣ ፏፏቴው አጠገብ ቆሜ ለተማሪዎች በነፃ ላድል ሞከርኩ። አንድ ልጅ ቲኬቱን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየና «የሚሸጥ ነገር አለሽ?» ብሎ ጠረጠረኝ። ዘጠኙን ወሰዱልኝ። የቀረው ወንበር ባዶውን ኦፔራውን አየ።

ከቀሩት መሃል በግልጽ የነገሩኝ አንድ አባታችን ብቻ ናቸው። አከብራቸዋለሁ። «ልጄ፣ ጣልያን የሠራውን፣ ያውም እኛ የምንሸነፍበትን ቲያትር 80 ዶላር ከፍዬ አላይም» አሉኝ። እውነት አላቸው። በኦፔራው የኢትዮጵያ ንጉሥ አሞናስሮ ይማረካል። ልጁ አይዳ ግብፅ ውስጥ ባሪያ ናት። የጠላቷን የጦር አዛዥ ትወዳለች፤ መጨረሻዋም ከእሱ ጋር መቃብር ውስጥ ነው።

ግን ታሪኩን እንጨርሰው። ኦፔራውን ያሠራው የግብፁ ከዲቭ ኢስማኢል ነው። በ1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ይኸው ሰው አራት ዓመት ቆይቶ የእውነቱን ጦር ላከብን። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ የአጼ ዮሐንስ ሠራዊት ምን እንዳደረገው ታውቃላችሁ። እንግዲህ አባቴ፣ መድረክ ላይ ተሸነፍን፣ ሜዳ ላይ አሸነፍን። ሂሳብ ተዘጋ። ደግሞስ ስንት ቤት ነው አይዳ የምትባል ልጅ ያለው? የአጼ ኃይለ ሥላሴ የልጅ ልጅ እንኳ ልዕልት አይዳ ደስታ ነበሩ።

እኔን የያዘኝ ግን ታሪኩ አይደለም። ዘፋኞቹ ናቸው። ለጉዞው ብዬ የእያንዳንዳቸውን የሥራ ሕይወት የያዘች 12 ገጽ መጽሔት አዘጋጅቼ ነበር። ማታ ማታ፣ ከሥራ መልስ። 60 ኮፒ አሳተምኩ። 43ቱ ጋራዤ ውስጥ በረዶ መዛቂያው አካፋ ሥር ነው ያለው። ማንም ስላላነበበው አሁን ጥቂት ልንገራችሁ። በሩ ተዘግቷል፣ ማምለጫ የላችሁም።

ያን ቀን አይዳን የዘፈነችው ኤንጀል ብሉ ናት፤ የካሊፎርኒያ ልጅ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ያደገችው። ወጣት ሳለች የቁንጅና ውድድር ትወዳደር ነበር። የሽልማቱ ገንዘብ ለትምህርት ቤት ክፍያ ይረዳት ነበር። አስቡት፣ ዘውድ የምትደፋው ለድምፅ ትምህርት ነው። ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የገባችው በ2017 ነው፤ ያኔ 30 አልፏታል።

ራዳሜስን፣ አይዳ የምትወደውን የጦር አዛዥ፣ የዘፈነው ፒዮትር ቤቻዋ ፖላንዳዊ ነው። ሊንዝ በሚባል የኦስትሪያ ከተማ ቲያትር ዓመታት ሠርቶ ነው ዙሪክ የገባው። በ2018 ጀርመን አገር ባይሮይት በሚደረገው የዋግነር ኦፔራ ፌስቲቫል ላይ ዋናው ቴነር (ቀጭን ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ) መክፈቻው ሊደርስ ሲል ቀረ። በእሱ ቦታ ቤቻዋ ገብቶ የ«ሎኤንግሪን»ን ዋና ገጸ ባሕርይ ዘፈነ። የእኛን ንጉሥ አሞናስሮን የዘፈነው ክዊን ኬልሲ ደግሞ የሃዋይ ልጅ ነው። የጀመረው እዚያው አገሩ ከኦፔራው መዘምራን መሃል ቆሞ ነው። አያችሁ? አንዳቸውም ከሰማይ አልወረዱም።

ይህ «ቀረ፣ በእሱ ቦታ ገባ» የሚሉት ነገር የኦፔራ ሰው ዕጣ ነው። ሊዮንታይን ፕራይስ በ1957 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አይዳን የዘፈነችው ዋናዋ ጣልያናዊት ትርፍ አንጀት ስለያዛት ነው። ላቶኒያ ሙርም በ2012 ሜትሮፖሊታን መድረክ ላይ በአይዳነት የወጣችው በሌላ ዘፋኝ ቦታ፣ በድንገት ተጠርታ ነው። ያውም በሬዲዮ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ሲጠሩሽ ዝግጁ መሆን አለብሽ። ዝግጁ ለመሆን ደግሞ ለዓመታት የሚከፍልልሽ ሰው ያስፈልጋል።

የፕራይስ አባት ሚሲሲፒ ውስጥ እንጨት መሰንጠቂያ ነበር የሚሠራው። እናቷ አዋላጅ ነበረች። ኒውዮርክ ሄዳ እንድትማር የረዳት አክስቷ በሠራተኛነት የምታገለግልበት ቤተሰብ ነው። ታዋቂው ጥቁር ዘፋኝ ፖል ሮብሰንም ለትምህርቷ ገቢ የሚሆን ኮንሰርት ዘፍኖላታል። ያን ምሽት እየመጣሁ ነው ብሎ የቀረ እንደ እኛ ቢበዛ ኖሮስ?

አንድ ሰው ልጨምር፤ ሮበርት ማክፌሪን። በ1955 ጥር ወር ሜትሮፖሊታን ላይ የዘፈነ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ነው። ምን ሆኖ? አሞናስሮን፣ የኢትዮጵያን ንጉሥ። ከእሱ 20 ቀን ቀድማ ጥቁሯ ዘፋኝ ማሪያን አንደርሰን እዚያው ገብታለች፤ 57 ዓመቷ ነበር። ታክሲ የምትነዱ ወንድሞቼ፣ በቀን ስንት ጊዜ በሊንከን መታሰቢያ ታልፋላችሁ? በ1939 ፋሲካ ዕለት ደረጃው ላይ ቆማ 75,000 ሰው የሰማት እሷን ነው። አዳራሽ ተከልክላ ነው ውጭ የዘፈነችው። ለቱሪስት ትነግራላችሁ፣ ለልጆቻችሁ ትነግራላችሁ ወይ?

አሁን ወደ ልጃችን። ስሟን አልጠራም፤ እዚሁ ናት፣ አንገቷን ደፍታለች። ጠዋት ቡና ቤት ትሠራለች፣ ከሰዓት ድምፅ ታጠናለች። ሶፕራኖ ናት፤ ከሴት ድምፅ ቀጭኑ። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ ነበረች። የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ስትሮ ከትታ «እምምም» ትላለች፤ ውሃው ይፈላል። የሕፃን ጨዋታ መስሎኝ ተይ እንጂ ልላት ነበር። ለካስ ድምፅ ማሟሟቂያ ነው።

ዓምና አንድ የኦፔራ ቡድን ለ«አይዳ» ቀጥሯት ነበር። በኦፔራው ውስጥ ያለችው የካህኗ ተጠባባቂ ሆና፤ ዋናዋ ከታመመች የምትተካት ማለት ነው። ይህቺ ካህን የምትዘፍነው ከመድረኩ ጀርባ ነው፤ ታዳሚው አያያትም። ልጃችን እንግዲህ የማትታየዋ ሴት ተጠባባቂ ነበረች። ሥራዋ ስልኳን ከፍታ፣ ከቲያትር ቤቱ ሳትርቅ መቀመጥ ነው። ዋናዋን ጉንፋን እንኳ አልነካትም። ልጃችን ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ብዙ ቦታ ዋናዎቹም ቢሆኑ የሚከፈላቸው በዘፈኑበት ምሽት ልክ ነው። ጉሮሮ ከተዘጋ ደመወዝም ተዘጋ። በኮሮና ጊዜ ሜትሮፖሊታን ከመጋቢት 2020 እስከ መስከረም 2021 ሲዘጋ ስንቱ ዘፋኝ ባዶ እጁን እንደቀረ አስቡት።

እና ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የኦዲሽን ወቅት ነው። የየከተማው ኦፔራ ቤቶች ኒውዮርክ መጥተው ዘፋኝ ይሰማሉ። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ይከፈልበታል። በፒያኖ የሚያጅባት ይከፈለዋል። መለማመጃ ክፍሉ በሰዓት ነው። አውቶቡሱ አለ፣ ማደሪያው አለ። ከዚያ ትገባለች፣ አንድ ወይ ሁለት ዘፈን ትዘፍናለች፣ «እናመሰግናለን» ይሏታል። ደቂቃዎች ናቸው። ለዚህ 1,500 ዶላር ልንረዳት ወስነን ነበር። ቃለ ጉባኤው እዚህ አለ፣ ፊርማችሁም አለበት።

ያ ገንዘብ የት ገባ? 23 ሲባዛ በ80፤ 1,840 ዶላር። ወንበሩ በላው።

ሣጥኑ ሲጎድል ምን ተባለ መሰላችሁ? «የልጅቷን ለዘንድሮ እንዝለለው፤ የእንቁጣጣሹን ዲጄ ግን እንዳትነኩ።» አምስት ለሦስት ተወሰነ። እኔ ከሦስቱ ነኝ። ለዲጄው ጥላቻ የለኝም፤ እኔም ጨፍሬያለሁ፣ ያያችሁኝ አላችሁ። ግን በማግስቱ ቡና ቤት ሄጄ ገንዘቡ የለም ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። «ችግር የለም እትዬ» አለችኝ። ማኪያቶውን ሰጥታኝ ሂሳብ አልቀበልም አለች። ያን ማኪያቶ እንዴት እንደጠጣሁት አላውቅም።

ስምንት ቦታ ልታመለክት ነበር። ለሦስቱ ብቻ ከፈለች። መልሱ ገና አልመጣም።

የእኔም ጥፋት አለ፤ አልክድም። ብር ሳልሰበስብ ቲኬት መግዛት አልነበረብኝም። እድር ቢሆን ቅጣት አለው። እቁብ ቢሆን ዋስ ይጠራል። እኔ አውራ ጣት አምኜ ገዛሁ። ከአሁን በኋላ ሙሉውን ያልከፈለ ሰው ስም አይመዘገብም። አክስቴም ብትሆን።

እናንተ የመጣችሁትን መቆጣቴ ፍትሐዊ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሁልጊዜ የሚሰደበው የመጣው ነው። ስለዚህ ይህ ንግግር ይቀረፃል፣ ቴሌግራሙ ላይ ይለጠፋል። ስልኩን የዘጋኸው ወንድሜ፣ ሰላም ብያለሁ። ሠርግ ቤት የነበርሽው እህቴ፣ ቀሚሱ አምሮብሻል፤ 80 ዶላሩን ላኪ። የቦርድ አባል ሆነህ ሦስት ስብሰባ ተከታትለህ የቀረኸው፣ አንተን ቤትህ ድረስ እመጣለሁ። ባለቤትህ ቀጠሮ ሰጥታኛለች።

እዚሁ ከተማችን ዋሽንግተን የሠራች አንዲት ሴት አለች፤ ሜሪ ካርድዌል ዶውሰን። በ1941 ፒትስበርግ ላይ የጥቁሮች ኦፔራ ቡድን አቋቋመች፣ መጀመሪያ ያሳየችውም «አይዳ»ን ነው። በ1943 ፖቶማክ ወንዝ ላይ በተንሳፋፊ መድረክ የቨርዲን ሌላ ኦፔራ «ላ ትራቪያታ»ን አሳየች። ማክፌሪንም በእሷ ቡድን ዘፍኗል። ገንዘብ ስትለምን ኖራ በ1962 ሞተች፤ ቡድኑም አብሯት አበቃ። እኔ እሷን አልሆንም፣ ድምፅም የለኝም። የልመናውን ክፍል ግን በደንብ ይዤዋለሁ።

ሦስት ነገር ነው የምጠይቃችሁ። መጽሔቷን በሩ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ስትወጡ አንዳንድ ያዙልኝ፣ መኪናዬን ጋራዥ ማስገባት እፈልጋለሁ። ከመጽሔቷ አጠገብ ለልጅቷ የቀሩት አምስት ማመልከቻዎች ዝርዝር አለ። ሁለቱ ቀናቸው አላለፈም። አንዱን የሚሸፍን ሰው ስሙን ይጻፍበት፤ አውራ ጣት አልቀበልም። ሦስተኛው፣ ኪቦርዱ።

አሁን ገንዘብ ያዡ ሪፖርቱን ያቀርባል። ና ወዲህ ጋሼ፣ ማይኩን ያዝ። 1,840 የምትለዋ ጋ ስትደርስ ቀስ ብለህ አንብባት። ካስፈለገም ድገማት።