መርዝ የቀመሰች አይጥ ለምን አትረሳም?

(ምስል፦ የበቆሎ ጎተራ፣ ማለዳ። ጥግ ላይ ማንም ያልነካው መርዝ የተለወሰበት ቂጣ።)

ጅማ ውስጥ በቆሎ አስገብታችሁ የምታውቁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ከሂርማታ ገበያ የአይጥ መርዝ ተገዝቶ ይመጣል፣ ከቂጣ ፍርፋሪ ጋር ተለውሶ ጎተራው ሥር ይቀመጣል። የመጀመሪያው ሌሊት ይሠራል። በሦስተኛው ቀን ግን መርዙ እንደተቀመጠ ነው፤ በቆሎው ግን መጉደሉን አላቆመም። እናቶቻችን «ነቅታለች» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

አይጠ መጎጥ ማስመለስ አትችልም። ስለዚህ አዲስ ምግብ ስታገኝ ጥቂት ቀምሳ ትጠብቃለች። ካመማት ያንን ጣዕም ዳግመኛ አትነካውም። ቶሎ የሚያሳምም መርዝ የሚከሽፈው በዚህ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት ግን ሕመሙ ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ፣ ከቀመሰችው ነገር ጋር አታያይዘውም።

አንድ ጊዜ የተቀመሰ ጣዕም ለሳምንታት የሚታወሰው እንዴት ነው? ጥያቄው የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። አንጎል ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ፕሮቲኖች በቀናት ወይም በሳምንታት እያረጁ ይፈርሳሉ፣ በአዲስ ይተካሉ። ዕቃው ሁሉ እየተለወጠ ትዝታው እንዴት ይቆያል? የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ የሆነው ሳይንቲስት ፍራንሲስ ክሪክ ይህን በ1984 ጽፎበታል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

(ምስል፦ ሁለት የነርቭ ሴሎች የሚገናኙበት ቦታ።)

እዚህ ላይ ካይኔዝ የሚባለው ፕሮቲን ይገባል። ሥራው ኤቲፒ ከሚባለው የኃይል ምንጭ አንዲት ፎስፌት ነቅሎ ሌላ ፕሮቲን ላይ መለጠፍ ነው። ፎስፌት የተለጠፈበት ፕሮቲን ቅርጹ ይለወጣል፤ ሥራ ይጀምራል ወይም ያቆማል። ብዙ ካይኔዞች ልጓም አላቸው፤ የራሳቸው አንድ ክፍል ምልክት እስኪመጣ ድረስ ይዞ ያቆማቸዋል።

ፒኬሲ ዜታ የሚባለውን ካይኔዝ የሚያሠራው ዘረ-መል ግን አንጎል ውስጥ ሌላም ነገር ያደርጋል። ንባቡ ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመሃል ይጀምርና ልጓም የሌለው አጭር ፕሮቲን ይወጣል፦ ፒኬኤም ዜታ። አንዴ ከተሠራ ያለማቋረጥ ይሠራል። በነርቮች መገናኛ ላይ መልእክት የሚቀበሉት ፕሮቲኖች እንዳይነሱ ይጠብቃል፤ መገናኛው እንደበረታ ይቆያል። ትዝታ የሚቀመጠውም በዚህ ብርታት ነው ተብሎ ይታሰባል።

በ2006 ተመራማሪው ቶድ ሳክተርና ባልደረቦቹ ይህን በአይጠ መጎጦች ፈተኑ። እንስሶቹ በሚሽከረከር መድረክ ላይ ኤሌክትሪክ የሚነካበትን አንድ ቦታ መሸሽ ተማሩ። ከዚያ ሂፖካምፐስ በሚባለው፣ ቦታን በሚያስታውሰው የአንጎላቸው ክፍል ውስጥ ዚፕ የሚባል የካይኔዙ ማገጃ ተወጋ። አንድ ወር የቆየ ትዝታ እንኳ ጠፋ።

ለእኛ ጎተራ የሚቀርበው ግን የ2007ቱ ነው። ተመራማሪው ያዲን ዱዳይ የተሳተፈበት ቡድን ለአይጠ መጎጦች ሳካሪን ያለበት ጣፋጭ ውኃ አጠጣቸው፣ ቀጥሎም ሊቲየም ክሎራይድ ወግቶ አሳመማቸው። ጣፋጩን ጠሉት፤ ልክ የእኛዋ አይጥ ቂጣውን እንደጠላችው። ከዚያ ማገጃው ጣዕምን በሚመለከተው የአንጎላቸው ክፍል ተወጋ፤ ጥላቻው ጠፋ። ከሳምንታት በኋላ ቢወጋም ያው ነው። በ2011 ደግሞ በቫይረስ ተሸካሚነት የዚሁ ካይኔዝ ዘረ-መል ተጨማሪ ቅጂ ሲገባላቸው ትዝታው በረታ። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ይህ ነው፤ ሲያግዱት የሚጠፋ፣ ሲጨምሩት የሚበረታ።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። በ2013 ሁለት ቡድኖች የካይኔዙ ዘረ-መል የተነቀለባቸውን ትናንሾቹን አይጦች አሳዩ። አይጦቹ ይማራሉ፣ ያስታውሳሉ። ይባስ ብሎ ዚፕ በእነሱም ላይ ይሠራል፤ ካይኔዙ ሳይኖር! ብዙዎች ፒኬኤም ዜታን የተሰናበቱት ያን ጊዜ ነው።

መልሱ በ2016 መጣ። በእነዚያ አይጦች ውስጥ የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሌላ ካይኔዝ በዝቶ ቦታውን ተክቷል፤ ዚፕም ያንኑ ዘመድ ያግዳል። የቤቷ እሳት የጠፋባት ሴት ከጎረቤት እሳት እንደምትጭር ማለት ነው። በጤነኞቹ አይጦች ላይ ግን የፒኬኤም ዜታ መሠራት ብቻ ሲታገድ ትዝታው ይጎዳል።

(ምስል፦ የተዳፈነ ፍም፣ አመዱ ሲገለጥ።)

የክሪክ ጥያቄስ? ካይኔዙም ፕሮቲን ነው፤ ያረጃል። በ2024 የወጣ ጥናት ኪብራ የሚባል ሌላ ፕሮቲን አመጣ። ኪብራ የበረታው መገናኛ ላይ ተቀምጦ ካይኔዙን ይይዛል። አሮጌው ሲፈርስ አዲሱ እዚያው ቦታ ይያዛል። ሁለቱ እንዳይያያዙ ሲደረግ የቆየ ትዝታ ይጠፋል። ማታ እሳት ያዳፈነ ሰው ያውቀዋል፤ ጠዋት ላይ እንጨቱ የትናንቱ አይደለም፣ ምድጃው ግን ያው ነው።

(ምስል፦ ሌሊት፣ ጎተራው። አይጧ ቂጣውን አሽትታ ታልፋለች፣ ወደ በቆሎው ትወጣለች።)