የልጆቹ ስልክ ተቆለፈ፤ እኛስ ትምህርት ቤቱን በማን በኩል እናግኝ?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ስልክ ነው። የአሜሪካ ልጆች በየኪሳቸው ይዘውት ክፍል ስለሚገቡት፣ አሁን ግን በየግዛቱ እየተከለከለ ስላለው ስልክ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ነገሩ የሄደበት ፍጥነት ይገርማል። ፍሎሪዳ በ2023 በትምህርት ሰዓት ስልክ መጠቀምን የሚገድብ ሕግ አወጣች። ቨርጂኒያ፣ ብዙዎቻችን ኢትዮጵያውያን የምንኖርባት፣ በ2024 በወቅቱ ገዥ በግሌን ያንግኪን ትእዛዝ ጀመረች፤ በ2025 ደግሞ ሕግ አደረገችው። ከመግቢያው ደወል እስከ መውጫው ደወል ስልክ የለም። ምሳ ሰዓት ላይም የለም። በዚያው ዓመት ኒውዮርክም፣ የዋሽንግተን ዲሲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችም ተከተሉ። በሁሉም ነገር የሚጣሉት ሪፐብሊካንና ዴሞክራት እዚህ ላይ አንድ ሆነዋል።

እኔም ክልከላውን እደግፋለሁ። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን ሲጠይቅ፣ 72 በመቶ የሚሆኑት ስልክ በክፍላቸው ትልቅ ችግር ነው ብለዋል። መምህር የሆነ ወዳጅ ያለው ሰው ይህ ቁጥር አይደንቀውም። አንድ ሰው ሠላሳ ልጅ ፊት ቆሞ ከቲክቶክ ጋር እንዲፎካከር መጠየቅ ግፍ ነው።

ወላጅ ግን ይፈራል። ፍርሃቱም ከመሬት የተነሳ አይደለም። ግንቦት 2022 ቴክሳስ፣ ዩቫልዴ ከተማ ውስጥ አንድ ታጣቂ ትምህርት ቤት ገብቶ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ገደለ። ፖሊሶች በቦታው እያሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የነበሩ ልጆች ወደ አደጋ ጊዜ መስመሩ 911 ደውለው ፖሊስ እንዲደርስላቸው ይለምኑ ነበር። ይህን የሰማች እናት «ስልኩን ቆልፈነዋል» ስትባል ሆዷ ቢባባ ማን ይፈርድባታል? የደኅንነት ባለሙያዎች በበኩላቸው፣ በእንዲህ ያለ ሰዓት ልጅ ስልኩን ሳይሆን መምህሩን ቢሰማ ይሻላል፣ የስልኩ ድምፅም መደበቂያውን ያጋልጣል ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

እዚህ ክርክር ውስጥ የእኛ ቤት ጉዳይ ግን ሲነሳ አልሰማሁም።

አንዲት የማውቃት እናት አለች። ሌሊት ትሠራለች፤ ጠዋት ስትገባ ልጅቷ ወጥታለች። ከኢንሹራንስ ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤውን በስልኳ ፎቶ አንስታ ለልጇ ትልካለች፤ «ይህን አንብቢልኝ የኔ እናት፣ ዛሬ ነው እንዴ የሚያልቀው?» ትላታለች። ልጅቷ አልጀብራ ክፍል ናት። በዴስኩ ስር «እማ ክላስ ነኝ» ብላ ትጽፋለች። ቀጥላ ግን ደብዳቤውን ታነበዋለች። ተርጉማም ትልካለች።

ይህች ልጅ ጌም እየተጫወተች አይደለም። ቤቷን እያስተዳደረች ነው። ትምህርት ቤቱም ከእናትየው ጋር የሚገናኘው በእሷው በኩል ነው። ቀጠሮውን የምትነግራት፣ አውቶቡስ መዘግየቱን የምትነግራት፣ መምህሩ ስለ ራሷ የላከውን ቅሬታ ሳይቀር የምትተረጉምላት እሷ ናት። ስልኩ ሲቆለፍ እናትየው ከትምህርት ቤቱ ጋር ያላት መስመር ይበጠሳል። ቢሮ ትደውል ቢባል፣ በምን እንግሊዝኛ?

ሸክሙ ከልጅቷ ላይ መውረዱ ጥሩ ነው። ግን ትምህርት ቤቱ ሊሸከመው ይገባል። ይህ ልመና አይደለም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ እንዳያገል ይከለክላል። በ1974 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ እርዳታ አለመስጠት ይህን ሕግ መጣስ ነው ብሎ ወሰነ። በ2015 ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ ለትምህርት ቤቶች ዝርዝር መመሪያ ጻፈ፤ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፣ ልጆችን አስተርጓሚ አታድርጉ አለ።

ያ መመሪያ በነሐሴ 2025 ተሻረ። ከዚያ በፊት መጋቢት ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ የሚያደርግ ትእዛዝ ፈርመው ነበር። እንግዲህ አስቡት። አስተርጓሚ የሆነችው ልጅ ስልኳን አስረክባ ክፍል በምትገባበት በዚያው ዓመት፣ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ የሚገፋፋው ወረቀት ተቀደደ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የ1964ቱ ሕግ ግን አልተነካም። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፤ አማርኛም ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች በአማርኛ መረጃ ያወጣሉ። ስለዚህ ደውሉ። «አማሪክ ኢንተርፕሬተር፣ ፕሊስ» በቂ ነው። ብዙ ቦታ መስመሩን ይዛችሁ እንድትቆዩ ያደርጉና አስተርጓሚ በስልክ ያስገባሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ስታስመዘግቡ የሚሞላ ፎርም አለ። ብዙዎቻችን ልጃችን ኢኤስኤል፣ ማለትም እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የተለየ ክፍል፣ እንዳይገባብን ፈርተን፣ ቋንቋ የሚል ባየንበት ሁሉ «እንግሊዝኛ» እንጽፋለን። ልጁ ቤት ውስጥ የሚናገረው ቋንቋ አንድ ጥያቄ ነው። ትምህርት ቤቱ እናንተን በምን ቋንቋ ያነጋግራችሁ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ላይ «አማርኛ» ብላችሁ ብትጽፉ ልጁን የትም ክፍል አያስገባውም። ዓመቱ ከጀመረም ቢሮ ሄዳችሁ ማስቀየር ትችላላችሁ። ሄዳችሁ ምን እንዳሏችሁ በድምፅ መልእክት ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ዝግጅቴ አሰማዋለሁ።